ማርሚታ የተቀየረለት መኪና ክላውዶ እንዲያልፍ

ጅማ ውስጥ ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው ድምፅ መቀነሻ፣ በሁለት ምክንያት ይቀየራል። ወይ የፋብሪካው በዝናቡና በጭቃው በስብሶ ወድቋል፣ ወይ ባለቤቱ መኪናው ትንሽ እንድትጮህለት ፈልጓል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ የክላውዶ (የዓመታዊው የመኪና ምርመራ) ጊዜ ሲደርስ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ያሳልፉኝ ይሆን?»

የጋዝ መለኪያ ማሽን ማርሚታ አያውቅም። ከየት ገዛህ፣ ስንት አወጣህ አይልም። ከቱቦው ጫፍ የሚወጣውን ጋዝ ይስባል፣ ይለካል፣ ቁጥር ያወጣል። ያን ቁጥር የሚወስነው ከሞተሩ ጀምሮ ጋዙን እስከሚያጣራው ዕቃ፣ እስከ ካታላይዘሩ፣ ያለው ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በአብዛኛው የድምፅ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከካታላይዘሩ ኋላ እንደፈለጋችሁ ተጫወቱ፤ ከፊቱ ያለውን ግን ተጠንቅቃችሁ ንኩ።

1. ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ

ወደምትመረመሩበት ጣቢያ ጎራ በሉና ሦስት ነገር ጠይቁ። ጭሱ በማሽን ነው የሚለካው ወይስ በዓይን? ለመኪናችሁ ዓመተ ምርትና ለነዳጁ ዓይነት ገደቡ ስንት ነው? ድምፅስ ይታያል? መልሱን ጻፉት። ከጓደኛ የሰማችሁት ገደብ የሌላ ዓይነት መኪና ሊሆን ይችላል። የአውሮፓን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ አይቶ የሚከራከርም አይጠፋም። እዚያ ካታላይዘር ያላቸው አዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ዙራቸው ከፍ ብሎ ሲለኩ ካርቦን ሞኖክሳይዳቸው ከ0.2 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ለራስ ግብ ለማድረግ ጥሩ ነው፤ የሚያሳልፋችሁ ግን የጣቢያው ቁጥር ነው።

2. የቱ ይቀየር፣ የቱ ይቅር

ቀላሉና እኔ የምመክረው ከካታላይዘሩ በኋላ ያለውን ብቻ መቀየር ነው። ጋዙ እዚያ ሲደርስ ተጣርቷል። ብየዳው ካላፈሰሰ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

ቱቦው ላይ አትስገብገቡ። ለቪትዝ ዓይነት 1.3 ሊትር ሞተር 2 ኢንች ይበቃል። ቱቦው ያለ ልክ ሲሰፋ የጋዙ ፍጥነት ይቀንሳል፤ መኪናዋ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ታጣለች። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን ዳገቱን ስትወጡ ያኔ ይገባችኋል። ድምፅ ጨምሮ ጉልበት የቀነሰ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም።

ከዚህ ከፍ ያለው ሥራ ከሞተሩ ራስ የሚነሳውን ማኒፎልድ መቀየር ነው። እዚህ ጋ በጋዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለመኪናው ኮምፒውተር የሚነግረው ኦክስጅን ሴንሰር አለ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ካታላይዘሩም ከማኒፎልዱ ጋር አንድ ሆኖ ነው የሚመጣው። «ማኒፎልድ ብቻ ነው የቀየርኩት» የሚል ሰው ሳያውቀው ካታላይዘሩንም አውልቆ ሊሆን ይችላል። የግድ የምትቀይሩ ከሆነ የሴንሰሩ ቀዳዳ ፋብሪካው ካስቀመጠበት ቦታ ብዙ አይራቅ። ሴንሰሩ ከጎን ወይም ከላይ ይግባ፤ ከአግድም ቢያንስ 10 ዲግሪ ቀና ይበል። ከሥር ከገባ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚጠራቀመው ውኃ ላዩ ላይ ይተኛና ይሰብረዋል።

ሦስተኛው ካታላይዘሩን ማስወጣት ነው። አታድርጉት። ውስጡ ያለው ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሴራሚክ በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተቀባ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱንና ያልተቃጠለውን ነዳጅ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ትነት፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ደግሞ ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለውጣል። ውድ ማዕድን ስላለበት «ተዘግቶብሃል፣ እናውጣልህ» የሚል ደግ ሰው አይጠፋም። ለሥራው ሳያስከፍላችሁ ቢቀር እንኳ አትደሰቱ፤ የወጣው ዕቃ የት እንደሚሄድ ጠይቁ።

እውነት ለመናገር የሚዘጋ ካታላይዘር አለ። መኪናው ዙር አይወጣም፣ ይታፈናል፣ ይግላል። ያን ጊዜም መፍትሔው መተካት ነው፤ ከመተካት በፊት ደግሞ ምን እንደዘጋው ማወቅ ነው። ዘይት የሚበላ ወይም አንድ ካንዴላው የማይተኩስ ሞተር አዲሱንም ያቃጥለዋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለችው መኪና ገና ብዙ ዓመት ክላውዶ ትቆማለች። ዛሬ ካታላይዘሩን ያስወጣ ሰው ነገ ለመግዛት ሲንከራተት ይገኛል።

ምትክ ስትገዙ የሞተራችሁን ሊትር የሚመጥን ይሁን። ላዩ ላይ ያለው ቀስት ጋዙ ወደሚሄድበት፣ ማለትም ወደ ኋላ፣ ይዙር። ለሞተሩ በቀረበ ቁጥር ቶሎ ይሞቃል። ወለሉ ሥር ከሆነ የሙቀት መከላከያ ላሜራውን መልሱለት፤ ምንጣፍ ሲቃጠል መሽተት ከጀመረ ዘግይቷል።

ለክላውዶ ቀን ብቻ የጓደኛን ማርሚታ ተውሶ መግጠም የሚባል ጥበብም አለ። ለድምፅ ይሠራ ይሆናል። ለጋዝ ግን ምንም አይጠቅም፤ ቅድም እንዳልኩት ማርሚታ ጋዝ አያጣራም። ከሁለተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ሥር መራቂያ ብሎን አስገብቶ የቼክ ኢንጂኑን መብራት ማጥፋትም እንዲሁ ነው። መብራቱ ይጠፋል፤ ማሽኑ ግን ቱቦው ውስጥ ነው የሚገባው።

3. ብየዳ ቤት ስትደርሱ

ብየዳው ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። የብየዳው መሬት ገመድም የሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር። ይህ ካልሆነ የመኪናው ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል። በያጁ «እኛ ሁሌም እንዲሁ ነው የምንሠራው» ቢላችሁ ራሳችሁ ፍቱት፤ አንድ ብሎን ነው።

ጋልቫናይዝድ የውኃ ቧንቧ ለማርሚታ አይሁን። ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስ በያጁን ያሳምመዋል፤ ሽፋኑ የተቃጠለበት ቦታ ደግሞ ቶሎ ይዝጋል። ጅማ ዝናብ ብዙ ነው፤ ተራ ብረት ዕድሜ የለውም። አቅም ካለ ስቴንለስ፣ ከሌለ ለማርሚታ ተብሎ የተሠራ አልሙኒየም የተቀባ ቱቦ ፈልጉ። ማርሚታው ታች በኩል ውኃ የሚወርድበት ትንሽ ቀዳዳ ካለው አታስደፍኑት። ፋብሪካው ረስቶት አይደለም።

ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቃችሁ ሲሊኮን ነው። ጋስኬት ሲጠፋ የተለመደውን ሲሊኮን ቀብቶ ማሰር ልማድ ሆኗል። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያለ መጋጠሚያ ላይ የተቀባ ተራ ሲሊኮን ሲሞቅ ይተንና ሴንሰሩን ይመርዘዋል። ካታላይዘሩንም ይጎዳል። ዋናውን ጋስኬት ግዙ። ካልተገኘ ለጭስ ማውጫ ተብሎ የተሠራውን ሙቀት የሚችል ማጣበቂያ ተጠቀሙ።

4. የሚያፈስ ቦታ ፈልጉ

የተነካካ ጭስ ማውጫ የሚወድቅበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ሰው «ትንሽ ቢተነፍስ ምን አለበት» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዙ ከሞተር የሚወጣው በግፊት ብቻ አይደለም፤ በየምቱ መሃል ቱቦው ወደ ውስጥ ይስባል። ከሴንሰሩ በፊት ትንሽ ስንጥቅ ካለ አየር ይገባል። ሴንሰሩ ኦክስጅን ያያል። ኮምፒውተሩም «ነዳጅ አንሷል» ብሎ ይጨምራል። ሞተሩ ከሚገባው በላይ ነዳጅ እየጠጣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከፍ ይላል። እናንተ ካርቡራተር፣ ኖዝል፣ ካንዴላ ትቀይራላችሁ፤ ጥፋቱ ግን አንድ የላላ ብሎን ነው።

ከካታላይዘሩ በኋላ ያለ ስንጥቅ በሌላ መንገድ ያጣላል። ንጹሕ አየር ገብቶ ጋዙን ያቀጥነዋል። ቁጥሩን ዝቅ ስለሚያደርገው የሚወዱት አሉ፤ ማሽኑ ግን ኦክስጅኑንም ይለካል። ኦክስጅን ከፍ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዝቅ ብሎ ሲያይ መርማሪው ወዲያው ወደ ቱቦው ሥር ይመለከታል።

አፈላለጉ ቀላል ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ገላጣ ቦታ ላይ አስነሱ። አንድ ሰው እርጥብ ወፍራም ጨርቅ በቱቦው አፍ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይያዝ። ሌላው ከማኒፎልዱ ጀምሮ ወደ ኋላ እየሄደ ያዳምጥ። የሚያፈስ ቦታ ፊሽ ይላል ወይም ቲክ ቲክ ይላል። ከዚያ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ርጩ፤ አረፋ የሠራበት እሱ ነው። ፍሌክሲብሉን፣ ማለትም በመረብ የተሸፈነውን ተጣጣፊ ቱቦ፣ በደንብ እዩት። መረቡ ከተበጣጠሰ ውስጡም አልቋል። ጥቁር ጥላሸት የተቀባ መጋጠሚያ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ይህን አታድርጉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ይገድላል። መስኮት ዘግታችሁ ስትነዱ ራስ ምታት የሚይዛችሁ ከሆነ ክላውዶውን ትታችሁ መጀመሪያ ወለሉ ሥር ያለውን ቱቦ አሳዩ።

5. ሞተሩን አስተካክሉ

ማርሚታ ላይ ብዙ ብር አፍስሶ የአየር ፊልትሮ ያልቀየረ ሰው ይገርመኛል። በበጋ የገጠር መንገድ አቧራ የጠጣ ፊልትሮ ብቻውን መኪና ሊጥል ይችላል። ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ ዘይት፤ በዚህ ቅደም ተከተል እዩ። ያረጀ ዘይት የነዳጅ ትነት ይዞ ስለሚቆይ ከክላውዶ በፊት መቀየሩ ይጠቅማል።

ካርቡራተር ላላቸው ሰዎች አንድ የጅማ ጉዳይ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ነዳጁ ያው፣ አየሩ ግን ያነሰ ይሆናል። ቤንዚኑ ይበዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ከመርካቶ አዲስ ካርቡራተር ገዝቶ እንዳለ መግጠም ስለዚህ አይበቃም። ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዙር) እና የቅልቅሉን ብሎን የሚያውቅ መካኒክ ሞተሩ ሞቆ እያለ ያስተካክለው፤ ቢቻል የጋዝ መለኪያ እያየ። ኢንጀክሽን የሆኑት የአየሩን ግፊት ራሳቸው ስለሚለኩ ይህን አይፈልጉም።

ነዳጁንም አስቡበት። ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን ምን እንደተቀላቀለበት አታውቁም። ክላውዶ ሲቃረብ ከማደያ የተቀዳ ቤንዚን ይኑርባት።

6. ኮምፒውተሩን አንብቡ

ቼክ ኢንጂን እየበራ ክላውዶ አትሂዱ። ስካነር ያለው ጋራዥ ኮዱን ያንብብላችሁ። «ፒ 0420» ካለ ካታላይዘሩ ደክሟል፣ ወይም ከሴንሰሩ አካባቢ አየር ይገባል። «ፒ 0300» ካለ ሲሊንደር ውስጥ እሳት እየሳተ ነው። «ፒ 0171» ሞተሩ ነዳጅ አንሶታል ይላል፤ ማኒፎልድ ከተቀየረ በኋላ ከመጣ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው የሚያፈስ መጋጠሚያ ነው። ኮዱን ማጥፋት ጥገና አይደለም። ሁለት ቀን ቆይቶ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የክላውዶ ሰልፍ ላይ ነው የሚመለሰው።

7. ቀድማችሁ አስለኩ፣ ወረቀቱን አንብቡ

የጋዝ መለኪያ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ከክላውዶ በፊት አስለኩ። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር፣ ካታላይዘሩ ሞቆ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 14 እና 15 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ኦክስጅኑ ከ1 በመቶ በታች ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ዜሮ ነጥብ ምናምን ነው። ላምዳ የሚለው ቁጥር ወደ 1 ይጠጋል፤ 14.7 ኪሎ አየር ለ1 ኪሎ ቤንዚን ማለት ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍ፣ ኦክስጅን ዝቅ ካለ ነዳጅ በዝቷል። ፊልትሮ፣ ካርቡራተር፣ ያረጀ ሴንሰር፣ ወይም ከሴንሰሩ በፊት የሚያፈስ መጋጠሚያ ነው። ሃይድሮካርቦን ከፍ ብሎ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደህና ከሆነ ነዳጅ ሳይቃጠል እያለፈ ነው፤ ወደ ካንዴላና ገመድ ሂዱ። ላምዳው 1 ላይ ሆኖ ሁለቱም ከፍ ካሉ ካታላይዘሩ ሞቷል ወይም አልሞቀም። በጎማ መዶሻ ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩት፤ ውስጡ ከተንኳኳ ሴራሚኩ ተሰብሯል።

ናፍጣ ከሆነ

የሃይሉክስ፣ የአይሱዙና የአባዱላ ነገር ሌላ ነው። የሚለካው የጭሱ ጥቁረት ነው። ነዳጁ በአንዴ እስከ መጨረሻው ይረገጣል፣ ይለቀቃል፣ ይደገማል። በአውሮፓ ለቆዩ ናፍጣዎች ቱርቦ ለሌለው 2.5፣ ቱርቦ ላለው 3.0 የሚባል የጥቁረት ገደብ አለ። ማርሚታ መቀየር እዚህ ብዙ አይለውጥም። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቶ አየር ሲያንስ፣ ሰማያዊ ዘይት ሲቃጠል፣ ነጭ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ወይም የራዲያተር ውኃ ሲገባ ይመጣል።

ቡና ጭነው ዳገት የሚወጡ ሾፌሮች የነዳጅ ፖምፓውን ከፍ ማስደረግ ይወዳሉ። ጉልበት ይጨምራል፣ ጭሱም ይጨምራል። ከክላውዶ በፊት ወደ ልኩ ይመለስ፤ ኖዝሎቹም በማሽን ይፈተሹ። ሌላው፣ ከተማ ውስጥ ቀስ እያለ የከረመ ናፍጣ ማርሚታው ውስጥ ጥላሸት ያጠራቅማል። መርማሪው ሲረግጠው ሁሉም በአንዴ ይወጣል። ቀድሞ ረጅም መንገድ ይሂድ። የታይሚንግ ቤልቱ ዕድሜ ያለፈ ከሆነ ደግሞ ለዚህ ምርመራ አታቁሙት፤ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ከተበጠሰ ክላውዶው ሳይሆን ሞተሩ ነው የሚወድቀው።

ባጃጅና ሞተር ሳይክል

አጭር ነው። ውስጠኛውን የድምፅ መቀነሻ ቱቦ አታውጡ። ካወጣችሁ ካርቡራተሩ ስለሚዛባ ሁለት ጣጣ ትገዛላችሁ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሆነ ዘይቱ አምራቹ በሚለው ልክ ይቀላቀል፤ «ሞተር ይጠብቃል» ተብሎ የሚጨመረው ዘይት ሰማያዊ ጭስ ነው የሚሆነው። የከተማው ሕዝብ ስለ ድምፁ የሚለውን አልጨምርበትም።

8. የክላውዶ ቀን

ካታላይዘር ልክ እንደ ቡና ምጣድ ነው፤ ሳይግል ሥራ የለም። ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልደረሰ አያጣራም። እዚሁ ጅማ ከመርካቶ እስከ አጂፕ በባጃጅ መሃል እየቆሙ መሄድ አያሞቀውም። ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሰርቦ በሚወስደው መንገድ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ ከተለመደው አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጋችሁ፣ የተፈቀደውን ፍጥነት ሳታልፉ ንዱ።

ሰልፍ ካለ ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ሞተር አጥፍቶ ረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ይቀዘቅዛል። ተራችሁ ከመድረሱ 10 ደቂቃ ቀድማችሁ አስነሱ። ልትገቡ ስትሉ በደቂቃ 2,500 ዙር አካባቢ ለሁለት ደቂቃ ያህል ያዙት። ኤሲ፣ ሬዲዮና መብራት ይጥፉ። ማርሚታው መቀየሩን መርማሪው ከጠየቀ አትደብቁ። የቱ እንደተቀየረና ካታላይዘሩ ቦታው ላይ መሆኑን ንገሩት። ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ማየቱ አይቀርም።

ከወደቀች

የተለካውን ቁጥር በወረቀት ጠይቁ። «ጭስ አለው» የሚል መልስ ይዞ የመጣ ሰው መካኒኩ ዕቃ በዕቃ ይቀያይርበታል። ወረቀቱን ይዛችሁ በሰባተኛው ክፍል ካለው ጋር አስተያዩ፣ አንዱን ብቻ አስተካክሉ፣ እንደገና አስለኩ። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። የፋብሪካውንም ማርሚታ ለቆራሌው አትሽጡት። ድምፅ ላይ ከወደቃችሁ መልሳችሁ የምትገጥሙት እሱን ነው፤ ደህና ከሆነ ጫፎቹ ላይ ግሪስ ቀብታችሁ ዝናብ የማይደርስበት አስቀምጡት።